«ትንሽ ይሙቅ»

ከጎንደር መናኸሪያ እስከ ዳባት፣ ከዳባት እስከ ደባርቅ ንጋት ላይ የሚሰማው ድምፅ አንድ ነው፤ ቆሞ የሚያጓራ የናፍጣ ሞተር። ሹፌሩ ጋቢውን ተከናንቦ ሻይ ፉት ይላል፣ ረዳቱ መስታወት ይወለውላል፣ ተሳፋሪው ጭስ እየማገ እጆቹን ያፋትጋል፣ ሞተሩም ለብቻው ይንደቀደቃል። ምን እየተጠበቀ ነው ብሎ የሚጠይቅ ደፋር መንገደኛ ቢገኝ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ትንሽ ይሙቅ»። ይህች «ትንሽ» በደጋው አገር ከሩብ ሰዓት አንሳ አታውቅም፤ ግማሽ ሰዓት ብትሞላም ይሉኝታ አይይዛትም። ሞተር ይሙቅ መባሉ ልክ ነው። ቆሞ ይሙቅ መባሉ ነው ያላማረኝ። የሚብሰው ደግሞ፣ ይህ ሁሉ ጥበቃ የሚደረግለት መኪና ብዙውን ጊዜ ሞተር የምታሞቀው ዕቃ ራሷ ተፈታ የወጣችበት መኪና መሆኑ ነው። ዕቃዋ ከመቀመጫው ሥር በጨርቅ ተጠቅልላ ተኝታለች፤ ሥራዋ ለሹፌሩ ትዕግሥት ተላልፏል።

ሞተር ሲነሳ መጀመሪያ የሚቸግረው ብርድ ሳይሆን የዘይት እጦት ነው። ሌሊቱን ኮፓ ውስጥ ያደረው ዘይት በፓምፕ ተገፍቶ ወደ ኮሎው ብሮንዚን፣ ከዚያም ሽቅብ ወደ ቫልቮቹ እስኪደርስ ድረስ ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል። ይህ ግን የሰከንዶች ጉዳይ ነው። የዘይቱ መብራት ጠፍቶ ድምፁ ረጋ ካለ፣ ለቤት መኪና ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ፣ በውርጭ ላደረ ትልቅ የናፍጣ ሞተር ሦስት አራት ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሙቀት የሚገኘው ከሥራ ነው። የናፍጣ ሞተር በሚኒሞ ሲቆም የሚያቃጥለው ነዳጅ ጥቂት፣ የሚስበው ቀዝቃዛ አየር ግን ብዙ ነው፤ ያቺ ጠብታ እሳት ያን ሁሉ ብረት፣ ውሃና ዘይት ልታሞቅ አቅም የላትም። እናም ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጌጁ ሲታይ ቀስቱ ገና ከታች ሲንከላወስ ይገኛል። ቀዝቃዛ የሲሊንደር ካሚቻ ላይ የተረጨው ናፍጣ በሙሉ አይነድም፤ ከፊሉ ነጭ ጭስ ሆኖ በማርሚታ ይወጣል፣ ከፊሉ በፒስቶኑ ፋሻ በኩል ሾልኮ ኮፓ ይወርድና ዘይቱን ያቀጥነዋል፣ የቀረው ኖዝሉና ቫልቩ ላይ ጥቀርሻ ሆኖ ይጋገራል። ሞተሩን እንደተንከባከበ የሚቆጥረው ሹፌር ሻዩን እየጠጣ ዘይቱን በናፍጣ ሲበርዝ ያረፍዳል ማለት ነው። መላው ቀላል ነው፤ ማርሽ አስገብቶ፣ ነዳጅ ሳይረግጡ፣ የመጀመሪያዎቹን ኪሎ ሜትሮች ረጋ ብሎ መሄድ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት ለማንም ባይሠራ ለቀዝቃዛ ሞተር ይሠራል፤ መሄዱን ግን ልብ ይሏል፤ ቆሞ እግር ያወጣ እንቁላል የለም።

ነገሩን በሊትር ለሚያምን ደግሞ ሂሳብ አለ። ከባድ መኪና ቆሞ ሲሠራ በሰዓት 3 ሊትር ገደማ ናፍጣ ይጠጣል። በቀን ግማሽ ሰዓት ቢባል አንድ ተኩል ሊትር፣ በዓመት 300 የሥራ ቀን ቢታሰብ 450 ሊትር፣ ማለትም ሁለት በርሜል ከሩብ። ይህ ናፍጣ አንዲት ክንድ መንገድ ሳይሄድ ያለቀ ነው። ነዳጅ በሰልፍ በሚቀዳበት፣ ሰልፉም ማደሪያ በሚያስፈልገው ከተማ ውስጥ ሁለት በርሜል ናፍጣ ለንጋት ዜማ ማዋል የሚያስቀና ባለጸግነት ነው።

አሁን ወደዚያች በጨርቅ ወደተጠቀለለችው ዕቃ እንምጣ። ተርሞስታትን ብዙ ባለመኪና በስም እንጂ በመልክ አያውቃትም። መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ክብ፣ መሐሏ ላይ ጠንካራ ሞላ የተጠመጠመባት ትንሽ የብረት በር ናት። ሆዷ ውስጥ ሰም አለ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሰሙ ይረጋል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃው ወደ ራዲያተር ሳይወጣ ሞተሩን ብቻ እየዞረ ቶሎ ይሞቃል። ሙቀቱ 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሰሙ ቀልጦ ያብጣል፣ ዘንጉን ይገፋል፣ በሩ ይከፈታል፤ ውሃው ራዲያተር ደርሶ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ጠርዟ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ቀዳዳ አለች፤ በውስጧም ልል ሆና የምትንቀጫቀጭ ትንሽ ፒን። እሷም ብትሆን በከንቱ አልተቀመጠችም፤ ውሃ ሲሞላ የታፈነውን አየር የምታስወጣ ናት። ኤሌክትሪክ አትፈልግ፣ ኮምፒውተር አትፈልግ፣ ደመወዝ አትጠይቅ። ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የእሷ ዋጋ ለመጥቀስ ያሳፍራል፤ የተናቀችውም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

የምትባረርበት ምክንያት ግን ሲሰሙት ያሳምናል። የሰሜን ጎንደር መኪና ኑሮው በአንድ አየር አይደለም። ጠዋት ደባርቅ ላይ በብርድ የተነሳው፣ ጣሊያን በወረራው ዘመን ተራራውን ፈልጦ በዘረጋው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ቆላ ይገባል። ከጎንደር የወጣውን ደግሞ መተማና ሑመራ ከ40 ዲግሪ ያለፈ ሐሩር ይዘው ይጠብቁታል። እዚያ አንድ ቀን ውሃ ያፈላል። መካኒክ ይጠራል፣ ይፈታል፣ ፍርድ ይሰጣል፦ «ይቺ ናት ያፈነችው፤ ለኛ አገር አየር አትሆንም፤ አውጣት!» ትወጣለች። መኪናው ያን ቀን ሳያፈላ ይገባል፤ መካኒኩም ስሙ ይነሳል። እንግዲህ ዕቃዋ የተሠራችው ብርድና ሐሩር በአንድ ቀን ለሚፈራረቁበት መኪና መሆኑን ልብ የሚል የለም። አየሩ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ በር ባላስፈለገ፣ ቀዳዳ በበቃ ነበር። በር ያስፈለገው ለደባርቅ እንዲዘጋ፣ ለሑመራ እንዲከፈት ነው። አሮጌ ሆና ተዘግታ የቀረች ተርሞስታት በረሃ መሐል ብታፍን ለዚያች ቀን ማውጣት ነውር የለውም፤ ሰው ሕይወቱን ያድናል። ነውሩ በማግስቱ አዲስ አለመግጠም ነው። ለአንድ ቀን የወጣችው በዚያው ለዘላለም ትቀራለች፤ ከዚያ ወዲህ ያ መኪና ሊማሊሞን በወረደ ቁጥር ሞተሩ እንደ ንጋቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀኑን ሙሉም ሞቅ ሳይል ይውላል። አንድ ነገር ልጨምር፦ በብዙዎቹ የጃፓን ሞተሮች ተርሞስታቷ ስትከፈት ውሃው በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን ቀዳዳ አብራ ትዘጋለች። እሷ ከሌለች አቋራጩ ክፍት ይቀራል፤ የፈላው ውሃ ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል። በጠዋት የማይሞቅ፣ በቀትር የሚያፈላ መኪና የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

ለተርሞስታት የተቋቋመ ሌላም የግፍ ችሎት አለ። ጠንቃቃ የሚባለው መካኒክ ዝም ብሎ አይጥላትም፤ ይፈትናታል። ጣሳ ውሃ ምድጃ ላይ ይጥድና በሽቦ አንጠልጥሎ ይነክራታል፤ ውሃው ሲፈላ በሩ ወለል ብሎ ካልተከፈተ «ሞታለች» ይላል። ፈተናው ጥሩ ነው፤ የተፈተነችበት ቦታ ነው ችግሩ። 82 የተጻፈባት ተርሞስታት መከፈት የምትጀምረው በ82 ነው፤ ወለል ብላ የምትከፈተው 95 አካባቢ ነው። ውሃ ደግሞ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው። ከባሕር ጠለል 2,100 ሜትር ከፍ ባለችው ጎንደር በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ደባርቅ ላይ ወደ 90 ይወርዳል፤ ስሜን ፓርክ ውስጥ ጨነቅ ድረስ ከወጡ 88። እናም ደባርቅ ላይ በጣሳ የተፈተነች ጤነኛ ተርሞስታት ሙሉ በሙሉ ልትከፈት የምትችልበት ሙቀት ጣሳው ውስጥ ጨርሶ የለም። ግማሽ ተከፍታ ብትገኝ ጥፋቱ የከፍታው ነው፤ የምትጣለው ግን እሷ ናት። በዚህ ችሎት ስንት ንጹሐን እንደተፈረደባቸው የጋራዥ ጓሮ ይመስክር።

ይህን የደባርቅ እመቤት ከመካኒኩ ቀድማ ታውቀዋለች። ሥጋው በድስት ይፈላል ይፈላል፣ ግን አይበስልም፤ ክዳኑ የሚቆለፍ ድስት የገዛች ጎረቤት ደግሞ ቶሎ አውጥታ ታቀርባለች። የራዲያተር ክዳንም ሥራው ያው ነው። ደህና ክዳን ከውስጡ ላስቲክና ሞላ አለው፤ ሲዘጋ እንፋሎቱን አፍኖ ግፊት ይፈጥራል፤ በዚያ ግፊት ጎንደር ላይ በ93 ሊፈላ የነበረው ውሃ ወደ 115 ዲግሪ ካልደረሰ አይፈላም። አሁን ላስቲኩ ያለቀ፣ ሞላው የላላ፣ አንዳንዴም ፌስታል ተደርቦበት በሽቦ የታሰረ ክዳን ያለው መኪና አስቡ። ሞተሩ የተሠራው በ85ና በ90 ዲግሪ መካከል እንዲሠራ ነው፤ ውሃው ደግሞ ደባርቅ ላይ በ90 ይፈላል። ለስህተት የተተወ ቦታ የለም፤ አቀበቱ ላይ ትንሽ ሲጨነቅ ይገነፍላል። ይኼኔ ክዳኑን የሚጠረጥር የለም፤ ጣት የሚቀሰረው ወደ ተርሞስታቷ ነው። የክዳኑ ጥፋት በተርሞስታቷ ተላክኮ እሷ ትባረራለች፤ እሷ በመባረሯ ሞተሩ ጠዋት አልሞቅ ይላል፤ አልሞቅ በማለቱ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ይንደቀደቃል። የንጋቱ ጭስ የዘር ሐረግ ተቆጥሮ ሲደረስበት አባቱ አንድ ያለቀ ላስቲክ ሆኖ ይገኛል።

«ቆላ ተቀምጦ ስለ ደጋ ብርድ መጻፍ ቀላል ነው፤ ደባርቅ በታኅሣሥ ንጋት ሞተር አስነስተህ ታውቃለህ?» የሚል መከራከሪያ ይቀርባል፤ የሚናቅም አይደለም። ደጋው ይበርዳል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ወገራ ሜዳ ላይም ውርጭ ያድራል። የአየሩ ግፊት ደግሞ ደባርቅ ላይ ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ናፍጣ ሞተር እሳት የሚያገኘው አየርን ጨምቆ በማጋል ስለሆነ፣ የሚጨመቀው አየር ሲሳሳና ሲቀዘቅዝ፣ በዚያ ላይ ፋሻው አልቆ አየር የሚያሾልክ ከሆነ፣ ማስነሳቱ ፈተና ነው። እስማማለሁ። ግን ይህ ሁሉ የሚያስረዳው ሞተሩ ለምን በግድ እንደሚነሳ ነው እንጂ ከተነሳ በኋላ ለምን ግማሽ ሰዓት እንደሚቆም አይደለም። በግድ ለሚነሳ ሞተር መድኃኒቱ ሲሊንደሩን የሚያግለው ካንዴሌታ ነው፤ አራት ሲሊንደር ባለው ሞተር አራቱም መጋል አለባቸው። ሁለቱ ተቃጥለው ሁለቱ ብቻ ሲሠሩ ሞተሩ በሁለት እግሩ እያነከሰ ይነሳል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ያንገጫግጫል፤ ሹፌሩም «ብርድ ነው፣ ይሙቅ» ይላል። የተቃጠለ ካንዴሌታ ቆሞ በመጠበቅ አይድንም። ብርድን በተመለከተ ደግሞ ከደባርቅ እጅግ የሚበርዱ ከተሞች አሉ። በኒውዮርክ ሞተር አስነስቶ ከሦስት ደቂቃ በላይ መቆም በሕግ የተከለከለ ነው፤ ይባስ ብሎ ጭነት መኪና ወይም አውቶቡስ እንዲህ ቆሞ ሲያጨስ በቪዲዮ ቀርጾ የጠቆመ ዜጋ ከቅጣቱ ድርሻ ይሰጠዋል። ሕጉ ወደ ጎንደር መናኸሪያ ቢዛወር ተሳፋሪው በአንድ ንጋት የጉዞ ሒሳቡን ችሎ ይተርፈዋል።

ሁለተኛው መከራከሪያ በአባቶች ስም የሚመጣ ነውና በአክብሮት መመለስ አለበት። ማሞቅን ያስተማሩን በፊያት ትሬንታ ኳትሮና በኤንትሬ ዘመን መሪ የጨበጡ ሹፌሮች ናቸው። ጣሊያን ኅዳር 1934 ጎንደር ላይ እጁን ሲሰጥ በየመንገዱ የተዋቸው ፊያቶች በአበሻ እጅ ገና ረጅም ዕድሜ ነበራቸው፤ መለዋወጫ ሳይኖር ያቆዩአቸው ሰዎች ጥበበኞች ነበሩ። ያኔ የሚያዘው ዘይት ግን ነጠላ ቁጥር ነው፤ 30 ወይም 40። ሌሊት እንደ ሙጫ ይረጋል፤ ጠዋት እስኪላላ መጠበቅ ግዴታ ነበር። ዛሬ ከየሱቁ የሚገዛው 15ደብሊው40 የሚባለው ዘይት ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የብርዱ ነው፤ ይህን ስም ለማግኘት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ የሞተር መዞርን እንደማያግድ ተፈትኖ ያለፈ ነው። ደባርቅ ምን ብትበርድ እንዲህ ያለ ፈተና አትፈትነውም። አባቶች ልክ ነበሩ፤ ዘይቱ ተቀየረ፣ ልማዱ ሳይቀየር ቀረ። አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልስጣቸው፦ የንፋስ ፍሬን ያለው አውቶቡስና ከባድ መኪና ንፋስ ሳይሞላ መንቀሳቀስ የለበትም። የንፋሱ ጌጅ እስኪሞላ ጥቂት ደቂቃ መቆም ተገቢ ነው፤ በተለይ ፊቱ ሊማሊሞ ላለበት ሰው ይህን ችላ ማለት ራስን መጣል ነው። ያ ግን ፍሬን መጠበቅ ነው፤ ጌጁ ከሞላ በኋላ ያለው ሻይ በንፋስ ስም ሊወራረድ አይገባም።

እስካሁን ሹፌሩን እንደ ተሳሳተ ሰው ቆጥሬ ተከራከርሁ። ደግሜ ሳስበው ግን ከተሳሳቱት ውስጥ ብዙዎቹ የተሳሳቱ አይመስለኝም። የታክሲና የአባዱላ ሞተር ንጋት ላይ ቆሞ የሚሠራው ለሙቀት ሳይሆን ለማስታወቂያ ነው። ሞተሩ የጠፋ መኪና የቆመ መኪና ነው፤ ሞተሩ የሚሠራ መኪና ሊሄድ የተነሳ መኪና ነው። ተሳፋሪ ከሁለቱ የቱ ላይ እንደሚወጣ ረዳት ሁሉ ያውቃል። «ጋሼ ይግቡ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን!» ሲባል ሞተሩ ከሥር ሆኖ ይመሰክራል፤ ሹፌሩም አልፎ አልፎ ነዳጅ ረገጥ አድርጎ ቃሉን ያጸናል። ጋሼ ገብተው ሲቀመጡ የቀሩት ስምንት ሰዎች ናቸው። እዚህ ላይ የቴክኒክ ክርክር ዋጋ የለውም፤ ለሐሰት ምስክርነት የቆመን ሞተር ስለ ተርሞስታት ቢያስረዱት አውቆ የተኛን መቀስቀስ ነው። ጥፋቱም የእኛ የተሳፋሪዎች ጭምር ነው፤ ፀጥ ብሎ የቆመ መኪና ስናይ ጥለነው እንሄዳለን። ለዚህ ምርጫችን የምንከፍለው በሳንባችን ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ከተባሉት ተርታ መድቦታል። በብርድ ምክንያት መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ፣ የኋላው በር ለጭነት ተከፍቶ የሚጠበቅበት ግማሽ ሰዓት ለማን ጤና እንደሆነ አይገባኝም።

የሚያስገርመው፣ ሞተር ቆሞ መሥራት የሚገባው ጊዜ በእርግጥ አለ፤ በዚያ ጊዜ ግን ማንም አያቆመውም። ዛሬ ሲኖትራኩም፣ አዳዲሱ አይሱዙም፣ ዲፎርዲ የሚባለው አባዱላም ቱርቦ ያላቸው ናቸው። ቱርቦ በጭሱ ኃይል የሚሽከረከር ነው፤ ዘንጉ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል፣ በአቀበት ላይ የሚያገኘው ጭስም ከ600 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ይህን ዘንግ የሚያቀዘቅዘውና የሚያለሰልሰው ከሞተሩ የሚመጣ ዘይት ነው። እንግዲህ ጭነት የያዘ መኪና ሊማሊሞን ከታች ወደ ላይ በሁለተኛ ማርሽ ሲያቃስት ወጥቶ ደባርቅ ገባ እንበል። ሹፌሩ ደክሞታል፣ ርቦታል፤ ምግብ ቤቱ በር ላይ ያቆምና ቁልፉን ያዞራል፤ ሞተሩ ዝም። የዘይት ፓምፑም አብሮ ዝም። ቱርቦው ግን ገና እንደጋለ ነው፣ ዘንጉም ገና አልቆመም፤ በውስጡ የቀረችው ዘይት ትቃጠልና ከሰል ትሆናለች። ይህ ሲደጋገም ቱርቦው ያፏጫል፣ ዘይት ይጠጣል፣ ሰማያዊ ጭስ ያወጣል። እዚህ ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ ቢቆም ኖሮ ዘይቱ እየዞረ ባቀዘቀዘው ነበር። ጠዋት ለማያስፈልገው ሰላሳ ደቂቃ ያልነፈጉትን ሞተር ማታ ለሚያስፈልገው ሦስት ደቂቃ ይነፍጉታል። ባጃጁ ደግሞ ከነጭራሹ ራዲያተር የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በአየር ነውና አዘዞ አደባባይ ላይ ሞተሩን አስነስቶ ቆሞ ሰው መጠበቁ ማሞቅ ሳይሆን መጥበስ ነው። የባጃጅ ልጆች ጠዋት ጠዋት ነዳጅ አስሬ እየሰጡ የሚያስጮሁት ነገር የሰፈሩን ሰው ይቀሰቅስ እንደሆነ እንጂ ፒስቶኑን አይጠቅመውም።

ከሁሉም የከበደው መከራከሪያ የዋጋ ነው። «ኦሪጅናል ዕቃ የት አለ? ቢኖርስ ማን ይችለዋል?» ይላሉ፤ እውነት አላቸው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ፤ መለዋወጫም አብሮት ሄደ። ለጎንደር ነጋዴ ዕቃው ብዙውን ጊዜ የሚመጣለት ከአዲስ አበባ መርካቶ፣ ከሶማሌ ተራ ነው፤ መንገዱ የተዘጋ ሰሞን ደግሞ ያለውን ይዞ የፈለገውን ይጠራል። በዚህ ላይ ካርቶኑ የጃፓን፣ ሆዱ የማይታወቅ ፎርጅድ ሞልቷል። የዘይት ፊልትሮ ውጪውን ቢያዩት ሁሉም አንድ ነው፤ ተሰንጥቆ ሲታይ ግን የአንዱ ወረቀት ጥቅጥቅ ብሎ የታጠፈ፣ የሌላው ሳስቶ የተበታተነ ነው። ደህናው ውስጥ ደግሞ ሞተር ሲጠፋ ዘይቱ ተመልሶ እንዳይወርድ የምታግድ ላስቲክ አለች፤ በርካሹ ውስጥ እሷ ወይ የለችም ወይ ደርቃለች። ያኔ ዘይቱ ሌሊቱን ኮፓ ይወርዳል፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ለሰከንዶች ያለ ዘይት ይንኳኳል። ሹፌሩ ኳኳታውን ሰምቶ «ብርዱ ነው» ይልና ማሞቂያውን በአሥር ደቂቃ ያራዝማል። ችግሩ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ውስጥ ሆኖ ሳለ አሥር ደቂቃ ምን ይፈይዳል? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ታዲያ ዋጋውን እንደ መከራከሪያ የማልቀበለው ውድነቱን ክጄ አይደለም። ውድ የሆኑትና የተተዉት ዕቃዎች አንድ አለመሆናቸውን አይቼ ነው። ፒስቶን ውድ ነው፤ ኖዝል ውድ ነው፤ ቱርቦ የሰው ኪስ ያራግፋል። ተርሞስታት፣ የራዲያተር ክዳን፣ ካንዴሌታና ፊልትሮ ግን ከእነዚያ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ርካሾቹን የሚተው ሰው ውዶቹን ለመግዛት ቀጠሮ እየያዘ ነው፤ ያለ ተርሞስታት እየቀዘቀዘ የሠራ ሞተር ፋሻውና ካሚቻው ያለጊዜያቸው ያልቃሉ፣ በላላ ክዳን ደጋግሞ ያፈላ ሞተር የቴስታታ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፤ ያኔ ሞተሩ ወርዶ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ደግሞ እጃችን ላይ ያለው አሮጌ ሞተር ገና ብዙ ዘመን ይጠበቅበታል። የኤሌክትሪኩ መኪና ይህን ሁሉ ጣጣ ይገላግለናል የሚሉ አሉ፤ ጎንደር ከተማ ውስጥ ምናልባት። ቧሒት ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ጃናሞራ ስንዴ የሚያደርሰው ግን ለጊዜው ያው ናፍጣው ነው።

እንግዲህ ነገሩ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ ልማዱ ለምን አልሞተም? መልሱ ያለው ከሞተሩ ውስጥ ሳይሆን በመኪናው ዙሪያ ባሉት ሦስት ሰዎች መካከል ይመስለኛል። ባለቤቱ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ፒያሳ ሱቁ ውስጥ ነው፤ የሚያውቀው የዕለት ገቢውን ነው። ሹፌሩ ገቢውን ማስገባት አለበት፤ ለተርሞስታት ብሎ ግማሽ ቀን ጋራዥ ቢውል የሚጎድለው የእሱ ነው፤ ሞተሩ ቢወርድ ግን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። መካኒኩ ደግሞ ዕቃ አውጥቶ በመጣል በአሥር ደቂቃ ይመሰገናል፤ ዕቃ ይገዛ ካለ «ሊበላ ነው» ተብሎ ይጠረጠራል። ሦስቱም በየራሳቸው ሂሳብ ልክ ናቸው። ባለቤቱ ማታ ደውሎ «ስንት ገባ?» ከማለቱ በፊት «የሙቀቱ ቀስት የት ላይ ነው የሚውለው?» ብሎ ቢጠይቅ ሹፌሩ መጀመሪያ ያመመው ይመስለዋል። ሁለተኛ ቀን ሲጠይቀው ግን ጌጁን ማየት ይጀምራል፤ ከደባርቅ ተነስቶ ዳባት እስኪደርስ ቀስቱ መሐል ካልገባ ተርሞስታቷ የለችም ወይም አትሠራም ማለት ነውና፣ ይህን ለማወቅ መካኒክም አያስፈልገውም።